ሰፊ እግር ላለው አዋቂ ልኩ የሆነ የበረዶ ጫማ እንዴት ይመረጣል?

የዘጌ ልጅ

ጣና ረግቶ በረዶ ሲሆን ያየ ሰው የለምና ይህ ጥያቄ ከባሕር ዳር ሲነሣ እንግዳ እንደሚመስል አውቃለሁ። ይሁን እንጂ በዚህ መድረክ ከከተማችን ወጥተው በብርድ አገር የሚኖሩም፣ እዚሁ ሆነው ስለ እግርና ስለ ጫማ ጠንቅቀው የሚያውቁም ስላሉ ነገሬን በዝርዝር ላቅርብ።

ዕድሜዬ 43 ነው፤ የምተዳደረውም በመምህርነት ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ካናዳ፣ ኦታዋ ከምትኖረው እኅቴ ዘንድ ለ5 ወራት በቆየሁበት ጊዜ የእኅቴ ልጆች እየጎተቱ ወደ በረዶ ሜዳ ወሰዱኝ። መጀመሪያ አጥሩን ይዤ እንደ ሕፃን ተንገዳገድሁ፤ በኋላ ግን ሳልይዝ መሄድ፣ ወደ ኋላ መንሸራተት፣ በአንድ እግሬም ጥቂት መቆየት ቻልሁ። ከአርባ በኋላ የመጣ ፍቅር ሆነና በመጪው ታኅሣሥ ለአንድ ዓመት ስመለስ ፊገር ስኬቲንግን (በረዶ ላይ እየተንሸራተቱ መዝለልንና መሽከርከርን) በወጉ ለመማር ቆርጫለሁ። (ከዚህ በታች “የበረዶ ጫማ” የምለው ከሥሩ ስለት ያለውን፣ ለዚሁ ጨዋታ የተሠራውን ነው። ብዙዎች በአጭሩ “ስኬት” ይሉታል፤ እኔ ግን እስካሁን ካገኘሁት ውጤት ጋር ስለማይገጥም ትቼዋለሁ።)

ችግሬ እግሬ ነው። እስከ 5ኛ ክፍል ድረስ በዘጌ የቡና ጫካ ውስጥ በባዶ እግሬ ስሮጥ ያደግሁ ስለሆነ ጣቶቼ የተዘረጉ ናቸው፤ ተረከዜ ግን ቀጭን ነው። ባሕር ዳር ውስጥ የሴት ጫማ ስለሚጨምቀኝ የወንድ 41 ቁጥር ነው የምገዛው። ያን ጊዜ የኪራይ ጫማ ሰልችቶኝ የራሴን ከኢንተርኔት ሱቅ ሳዝዝ እግሬ ሰፊ መሆኑን ለሻጩ ጽፌለት ነበር፤ የመለሰልኝ ግን “እንግዲያው ከለመዱት ቁጥር አይቀንሱ” የሚል አንድ መስመር ብቻ ነበር። 41 ቁጥር መጣልኝ። ስለብሰው ተረከዜ በእያንዳንዱ እርምጃ ይነሣል፤ እንዳይነሣ ክሩን ሳጠብቀው ደግሞ 20 ደቂቃ ሳይሞላ ከትንሿ ጣቴ ግርጌ ጀምሮ የእግሬ ጎን ይደነዝዛል። የውስጠኛው ቁርጭምጭሚቴ ቆዳ ተልጦ ለሁለት ሳምንት በነጠላ ጫማ ሄጃለሁ። አንድ ጫማ በአንድ ጊዜ ሰፊም ጠባብም እንዴት ሊሆን እንደሚችል እስከ ዛሬ አልገባኝም። አሁን ከአልጋዬ ሥር በካርቶን ተቀምጧል።

እግሬን ግድግዳ ላይ አስደግፌ በማስመሪያ ስለካው ርዝመቱ 24 ሴንቲ ተኩል፣ ስፋቱ 10 ሴንቲ ተኩል ገደማ ነው። ክብደቴ 76 ኪሎ ነው። ስንት ቁጥር ልግዛ? የስፋት ፊደል የሚባለውስ ምንድን ነው? ከዚሁ አዝዤ እኅቴ ቤት ቢጠብቀኝ ይሻላል ወይስ ስደርስ ልግዛ? ከልብ አመሰግናለሁ።

ከቀበሌ 14 እስከ ኦታዋ

ሰላም፣ የዘጌ ልጅ። እኔም የባሕር ዳር ልጅ ነኝ፤ በረዶ ላይ የወጣሁት በ36 ዓመቴ ሲሆን እነሆ 9 ዓመት ሆነኝ። እግሬ እንደ እርስዎ ከፊት ሰፊ ነው፤ እርስዎ የሠሩትን ስሕተትም ያለ አንዳች ቅናሽ ሠርቼዋለሁ።

አንድ ጫማ በአንድ ጊዜ ሰፊም ጠባብም መሆን ይችላል። ስፋትን በርዝመት የገዛ ሰው ሁሉ የሚደርስበት ይኸው ነው። ሒሳቡን እንየው። በአውሮፓ አቆጣጠር አንድ ቁጥር የአንድ ሴንቲሜትር ሁለት ሦስተኛ፣ ማለትም 6.67 ሚሊሜትር ነው፤ ስለዚህ 41 ቁጥር የሚሠራበት ፎርማ (ጫማው የሚወጠርበት የእግር ቅርጽ) ርዝመቱ 273 ሚሊሜትር ያህል ይሆናል። የእርስዎ እግር 245 ነው። ለመንገድ ጫማ ከ10 እስከ 15 ሚሊሜትር ትርፍ ደኅና ነው፤ እርስዎ ግን 28 ሚሊሜትር ባዶ ቦታ ይዘው ነበር በረዶ ላይ የወጡት። የበረዶ ጫማ ትርፍ የሚለካው በጥቂት ሚሊሜትር ነው።

ከርዝመቱ ትርፍ ይልቅ የሚጎዳው ግን ሌላ ነገር ነው። ጫማ ሲረዝም የሚረዝመው ከጣት ፊት ብቻ አይደለም፤ ሁሉም ነገር ቦታውን ይለቃል። የጫማው ሰፊ ክፍል ከእግርዎ ሰፊ ክፍል ወደ ፊት አልፎ ይሄዳል፤ ስለዚህ እግርዎ የሚሰፋበት ቦታ ጫማው ገና ያልሰፋበት ቦታ ላይ ያርፋል። ጎንዎ የደነዘዘው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። ጫማው ቁርጭምጭሚት ላይ እንዲታጠፍ የተሠራበት መስመርም ከእርስዎ መታጠፊያ ጋር አይገጥምም። የተረከዙ ጎድጓዳ ደግሞ ለ41 ቁጥር ሰው ተረከዝ የተቀረጸ ስለሆነ የእርስዎ ቀጭን ተረከዝ ውስጡ እንደ ሙቀጫ ዘነዘና ይወጣል፣ ይወርዳል። ክሩን ባጠበቁት ቁጥር የሚጨመቀው የእግርዎ ጀርባ ነው እንጂ ተረከዝዎ አይያዝም።

ስለ ፊደሉ። በአሜሪካ አለካክ ለሴት የተለመደው ስፋት “ቢ”፣ ለወንድ “ዲ” ሲሆን ፊደሉ ወደ ፊት በሄደ ቁጥር ስፋቱ ይጨምራል። እንደ ኤዲያና ሪስፖርት ያሉ የጣሊያን ሠሪዎች ርዝመቱን በሚሊሜትር፣ ስፋቱን በፊደል ይጽፋሉ፤ የካናዳው ጃክሰንና የአሜሪካው ሪዴል የራሳቸው ቁጥር ስላላቸው ከመንገድ ጫማ ቁጥር ዝቅ ብሎ ሲገኝ አይደንግጡ። ፊደሉ ከሠሪ ሠሪ አንድ ዓይነት አይደለም፤ የአንዱ “ዲ” ከሌላው “ዲ” ጋር ሲለካ ልዩነት አለው፤ ስለዚህ እግርዎን በሚሊሜትር ይዘው በእያንዳንዱ ሠሪ ሰንጠረዥ ላይ ማየት እንጂ ፊደል ሸምድዶ መሄድ አይጠቅምም። የእርስዎ ስፋት ከርዝመቱ ጋር ሲታይ ከሰፊዎቹ ፊደሎች መጨረሻ አካባቢ እንደሚያርፍ እገምታለሁ። የወንድ ጫማ ልግዛ እንዳይሉ ደግሞ አደራ፤ ፊቱ ሊመችዎት ይችላል፣ ተረከዙም አብሮ ስለሚሰፋ ግን ወደ ቀድሞው ችግር ይመልስዎታል። እንደ እኔና እንደ እርስዎ ላለ እግር የሚሻለው ፊቱ ሰፊ፣ ተረከዙ ጠባብ ተደርጎ በትእዛዝ የሚሠራው ነው፤ አንዳንድ ሠሪዎች ጭማሪ አስከፍለው ይህን ይሠራሉ፣ መጠበቅን ግን ይጠይቃል።

ከዚያ አያዝዙ። መልሴ ቁርጥ ያለ ነው። ታኅሣሥ እስኪደርስ ገንዘብዎን ይያዙ፤ ሲመጡም ፊገር ስኬቲንግ ብቻ የሚሸጥበትና ጫማ የሚያሞቅ፣ የሚወጥር፣ ስለት የሚገጥም ባለሙያ ያለበት ሱቅ ቀጠሮ ይያዙ። ሁሉንም ዓይነት የስፖርት ዕቃ የሚሸጡት ትልልቅ መደብሮች ብዙ ጊዜ አንድ ስፋት ብቻ ነው ያላቸው።

እዚያ ሲደርሱ እንዲህ ያድርጉ። ክሩን እስከ ታች ድረስ ያላሉትና ጣትዎ የጫማውን ጫፍ እስኪነካ ድረስ እግርዎን ወደ ፊት ይግፉ፤ ከተረከዝዎ በስተ ኋላ እርሳስ ቢገባ ልክ ነው፣ አውራ ጣት ከገባ ግን ይመልሱት። ቀጥሎ ተረከዝዎን ወደ ኋላ መታ መታ አድርገው ያስሩ። ከጣቶች በላይ ያለውን ክር ላላ ያድርጉት፤ ቁርጭምጭሚት በሚታጠፍበት ቦታ ጠበቅ፣ በላይኛዎቹ መንጠቆዎች ላይ ደግሞ እንደገና ለቀቅ ያድርጉት። ቀጥ ብለው ሲቆሙ ጣቶችዎ ጫፉን ዳሰስ ማድረግ አለባቸው፤ ጉልበትዎን ሲያጥፉ ከጫፉ ትንሽ ይሸሻሉ። መታጠፍ ወይም መደራረብ ግን የለባቸውም። ጉልበትዎን አጥፈው ወደ ጣቶችዎ ሲያዘነብሉ ተረከዝዎ ከተነሣ የፈለገው ያህል ቢያምር ያ ጫማ የእርስዎ አይደለም። አንድ ነገር ደግሞ በመስታወት ይዩ፦ በግራና በቀኝ ባሉት የክር ቀዳዳዎች መካከል ያለው ክፍተት ከ4 እስከ 5 ሴንቲሜትር ቢሆን ደኅና ነው። ሁለቱ ጠርዞች ሊነካኩ ከደረሱ ጫማው በዝቶብዎታል፤ እንደ ተከፈተ መጽሐፍ ከተራራቁ ደግሞ ጠቦዎታል። ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት አስረው ይቀመጡ፣ ይቁሙ። ሻጩ ከቸኮለ ሌላ ሱቅ አለ።

ስለ ጥንካሬው፣ እነዚህ ጫማዎች የሚመደቡት በሚዘለልባቸው ዝላይ ዓይነት ነው። ለድርብና ለሦስትዮሽ ዝላይ (በአየር ላይ ሁለቴና ሦስቴ ለሚዞሩበት) የተሠራው እንደ ጣውላ የደረቀ ስለሆነ ቁርጭምጭሚትዎን ማጠፍ ይከለክልዎታል። ለሕፃን ጀማሪ የተሠራው ደግሞ በ76 ኪሎ ሥር በጥቂት ወራት ይልመጠመጣል። አዋቂ ሰው በዚያው ደረጃ ካለ ልጅ አንድ ደረጃ ጠንከር ያለ ቢይዝ መልካም ነው፤ ከዚያ በላይ ግን አይመከርም።

ጫማው በጎን ትንሽ ብቻ ከነካዎት ተስፋ አይቁረጡ። በሙቀት የሚቀረጹት በሱቁ ምድጃ ለጥቂት ደቂቃ ይሞቁና አስረዋቸው ሳይራመዱ ይቀመጣሉ፤ እስኪቀዘቅዙ ድረስ እግርዎን ይይዛሉ። በሙቀት ያልተስተካከለ ቦታ ካለ በመወጠሪያ ብረት ያችን ነጥብ ብቻ ወደ ውጭ ይገፉለታል። ይህ ለሚሊሜትሮች የሚሠራ ዘዴ ነው እንጂ ሁለት ፊደል የጠበበን ጫማ አያሰፋም። በቤት ምድጃ እንዳይሞክሩት፤ እኔ የማውቀው ሰው ሞክሮት የሶሉ ማስቲሽ ለቅቆበታል።

ጫማ ሰፊው፣ ፋሲሎ

እኅቴ፣ በዕድሜ እበልጥሻለሁና አንቺ ብልሽ ቅር አይበልሽ። ጫማ መሥራት ከጀመርሁ 31 ዓመቴ ነው። የበረዶውን ጫማ አልሠራሁም፤ እግርን ግን አውቃለሁ፣ እግር ደግሞ ኦታዋም ሆነ ፋሲሎ ያው እግር ነው።

የኦታዋው ወንድማችን ያለው ሁሉ ትክክል ነው፤ የተለካሽበትን መንገድ ግን አላመንሁትም። “24 ሴንቲ ተኩል” ያልሽው ተቀምጠሽ ነው ቆመሽ? ጧት ነው ማታ? እግር ሸክም ሲያርፍበት ይረዝማል፣ ይሰፋልም፤ ውሎ ሲመሽ ደግሞ ያብጣል። በዚያ ላይ ሁለቱ እግሮች መንታ አይደሉም፤ ከመቶ ደንበኛ ሁለቱም እግሩ እኩል የሆነ ሲገጥመኝ እገረማለሁ።

ስለዚህ እንዲህ አድርጊ። ከሰዓት በኋላ፣ ብዙ ከቆምሽ በኋላ፣ ወፍራም ወረቀት ሲሚንቶ ላይ ዘርጊ። በሁለቱም እግርሽ እኩል ቁሚና ሌላ ሰው ጎንበስ ብሎ ዙሪያውን ያስምርልሽ፤ ራስሽ ጎንበስ ካልሽ ክብደትሽ ወደ አንድ ወገን ይሄዳል። እርሳሱ ቀጥ ብሎ ይቁም። እርሳሱን ወደ ውስጥ አዘንብሎ ከእግር ሥር ካስገባው ልኩ ያንሳል፣ ወደ ውጭ ካዘነበለውም ይበዛል፤ በዚህ ብቻ 5 ሚሊሜትር ሲጠፋ ያየሁት ብዙ ጊዜ ነው። መኪና የምታቆመውን የልጅ ልጄን እንኳ እርሳስ ማቆም ማስተማር አቅቶኛል።

ደግሞ ስፋት ብቻ ለጫማ ሰፊ አይበቃውም። ወረቀት ላይ ሁለቱም 10 ሴንቲ ተኩል የሆኑ ሁለት እግሮች ይመጡልኛል፤ አንዱ እንደ እንጀራ ጠፍጣፋ፣ ሌላው እንደ ድፎ ዳቦ ከላይ ያበጠ። ለሁለቱ አንድ ፎርማ አይሆንም። ስለዚህ የልብስ ሰፊ ሜትር ወስደሽ በሦስት ቦታ ዙሪያውን ለኪ፦ ከአውራ ጣትና ከትንሿ ጣት ግርጌ ባለው ሰፊው ቦታ፣ በእግርሽ ጀርባ መሐል፣ ከዚያም ከተረከዝሽ ተነሥቶ በቁርጭምጭሚትሽ መታጠፊያ በኩል ዞሮ። ሜትሩ ቆዳሽን ይንካ እንጂ አይጨምቅ። ሦስቱን ቁጥር ለየእግሩ ጽፈሽ ያዢ። ጠፍጣፋ ሰፊ እግር ከሆነ የፊደሉ ስፋት ይረዳል። ከላይ ያበጠ ከሆነ ግን ፊደል ብትጨምሪም ከላይ ይጫንሻል፤ ያን ጊዜ ከምላሱ ሥር ያለውን ሽፋን ማሳሳት ወይም የውስጡን ሶል በቀጭን መቀየር ነው መፍትሔው።

ቆዳ ይለቃል ብለሽ ጠባብ ጫማ እንዳትገዢ። ለነጠላ ቆዳ እውነት ነው፤ ቶማያው (ከሶሉ በላይ ያለው ክፍል) በጨርቅ፣ በስፖንጅና በጠንካራ ሽፋን የተደራረበ ጫማ ግን እንደ በግ ሌጦ አይለቅም። አርጥበሽ ልትለብሺውም እንዳታስቢ፤ ውኃ ቆዳውን ቢያለሰልሰውም ማጣበቂያውን ይበላዋል።

ከአልጋሽ ሥር ያለውን ጫማ አትጣይው። የውስጥ ሶሉን አውጥተሽ በመስኮት ብርሃን ተመልከቺው፤ የተረከዝሽና የጣቶችሽ አሻራ የት ላይ እንዳረፈ ያሳይሻል። ከጣቶችሽ አሻራ ወዲያ ንጹሕ ሆኖ የቀረው ስንት ጣት ይሆናል? ሐኪም በራጅ የሚያየውን እኛ በዚህ ነው የምናየው።

የጎማ ስኬት፣ ሽምብጥ

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ጧት ጧት መኪና ሳይበዛ ከዘንባባዎቹ ሥር በጎማ ስኬት ከሚንሸራተቱት ልጆች አንዱ ነኝ። በቅንነት ልጠይቅ፦ ለዚህ ሁሉ ወጪ ምን አስቸኮለ? ባሕር ዳር መንገዷ ሜዳ ነው፤ እኅታችን እስከ ታኅሣሥ ድረስ እዚሁ በጎማ ተለማምደው ቢሄዱ ይሻላል። ኢትዮጵያን እ.ኤ.አ. በ2006 በቶሪኖ የክረምት ኦሊምፒክ የወከለው ሮቤል ተክለማርያምም የበረዶ አገርን ወክሎ አልወጣም፤ ከእኛው ባንዲራ ሥር ነው የወጣው። እርሱ የተወዳደረው በአገር አቋራጭ የበረዶ ሸርተቴ (ስኪ) እንደሆነ አውቃለሁ፣ ነገሩ ግን አይቻልም ለሚሉ መልስ ይሆናል። እኔ ለምሳሌ ሁለት ቁጥር የሚበልጠኝን ጫማ በሁለት ካልሲ እየነዳሁ ሦስት ዓመት ሞላኝ፣ ምንም አልሆንሁም።

ከቀበሌ 14 እስከ ኦታዋ

ወንድሜ፣ የመለማመዱን ሐሳብ እደግፋለሁ። የፊገር ስኬቲንግ ጫማ ላይ በስለቱ ፈንታ የሚገጠም፣ ጎማዎቹ በአንድ መስመር የተደረደሩና ከፊቱ እንደ በረዶው ስለት ጥርስ የሚያገለግል ላስቲክ ያለው ብረት አለ፤ ስለዚህ ጥሩ ጫማ የገዛ ሰው ሲመለስ በዚያው ጫማ በጣና ዳር ሊለማመድ ይችላል።

በሁለት ካልሲው ነገር ግን አልስማማም። ጎማ ሰፊ መቆሚያ ይሰጣል፤ አራት ጎማ በሁለት ረድፍ ከሆነማ እግር ጫማው ውስጥ ቢዋኝም ጫማው ራሱ ቀጥ ብሎ ይቆማል። የበረዶው ስለት ውፍረቱ 4 ሚሊሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ መሐሉ ጎድጎድ ብሎ በግራና በቀኝ ሁለት የተሳሉ ጠርዞች አሉት፣ ጨዋታውም በሙሉ ከአንዱ ጠርዝ ወደ ሌላው መሸጋገር ነው። ተረከዝ በጥቂት ሚሊሜትር ከተንሸራተተ እርስዎ በውስጠኛው ጠርዝ ቆሜያለሁ ብለው ሲያስቡ ስለቱ በሌላው ላይ ይገኛል። ወፍራም ካልሲ ይህን አያስተካክልም፤ ያባብሰዋል፣ ምክንያቱም እግር በካልሲው ውስጥ፣ ካልሲውም በጫማው ውስጥ ይንሸራተታሉ። በረዶ ላይ የሚለበሰው አንድ ስስ ካልሲ ነው። ብርዱን የሚከላከለው እንቅስቃሴው ነው፤ የሚቀዘቅዝ እግር አብዛኛውን ጊዜ ክር በዝቶበት ደም የተከለከለ እግር ነው።

ፊዚዮቴራፒስት፣ ባሕር ዳር

አጭር ማሳሰቢያ ላክል። ከትንሿ ጣት ግርጌ የሚጀምር መደንዘዝ ጫማው ከወለቀ በኋላ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ የሚለቅ ከሆነ የጫና ምልክት ነውና ጫማው ሲስተካከል ይቀራል። ለሰዓታት ከቆየ፣ ወይም በሦስተኛውና በአራተኛው ጣት መካከል እንደ ጠጠር ወይም እንደ እሳት የሚሰማ ነገር ካለ፣ እዚያ የሚያልፍ ነርቭ እየተቆጣ ሊሆን ይችላልና ሌላ ጫማ ከመግዛትዎ በፊት ይታዩ። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ደግሞ እግሩ ላይ መላጥን እንደ ቀላል ነገር ሊያየው አይገባም።

ከዚህ ሌላ፣ ተቀምጠውና ቆመው በሚለካው ልክ መካከል ያለውን ልዩነት ይመልከቱ። ሲቆሙ የእግርዎ ውስጠኛ ቅስት ወርዶ መሬት የሚነካ ከሆነ፣ በሰፊ እግር ስም የሚጠሩት ነገር በከፊል የቅስቱ መውደቅ ነው። ደጋፊ የውስጥ ሶል ሲገባ እግሩ መልሶ ጠበብ ሊል ይችላል። ያ ሶል ግን ራሱ ቦታ ስለሚይዝ፣ የሚጠቀሙ ከሆነ ጫማውን ሲለኩ አብሮ ውስጡ ይሁን። ሶሉን በኋላ ገዝተው የሚጨምሩ ሰዎች ልኩ የነበረውን ጫማ ጠባብ አድርገው ይመለሳሉ።

የዘጌ ልጅ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ትናንት ማታ ወንድሜ እርሳስ ይዞ ተንበርክኮ ሲለካኝ ቤቱ በሙሉ ሳቀ፤ ውጤቱ ግን አላሳቀኝም። ተቀምጬ 245 ያልሁት ግራ እግሬ ስቆም 248 ሆነ። ቀኙ 244 ነው። ስፋታቸው ግራው 107፣ ቀኙ 104። ቅስቴ ሲወርድ በዓይኔ አይቻለሁ፤ እርጥብ እግሬን ሲሚንቶ ላይ ሳሳርፍ የቀረው አሻራ እንደ ጡብ ሙሉ ነው።

ጫማ ሰፊው እንዳሉኝም ከአልጋ ሥር ካለው ጫማ የውስጥ ሶሉን አወጣሁት። የጣቶቼ አሻራ ካበቃበት እስከ ሶሉ ጫፍ ድረስ ሦስት ጣት አስተኝቼ ሞላ። የተረከዙ አሻራ ደግሞ አንድ ክብ አይደለም፤ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የተጎተተ ረጅም ጥቁረት ነው። ስለቱ ላይ የዝገት ነጠብጣብ ወጥቶበታል፤ ለካ ከመጨረሻው ቀን ጀምሮ ሳይደርቅ ነው ያሸግሁት።

አሁን የቀረኝ ጥያቄ ይህ ነው፦ ሁለቱ እግሮቼ በ4 ሚሊሜትር ስለሚለያዩ የሚገዛው በየትኛው ልክ ነው?

ከቀበሌ 14 እስከ ኦታዋ

በረጅሙ ይገዛል፤ አጭሩ እግር በቀጭን መደልደያ ይስተካከላል። የ4 ሚሊሜትር ልዩነት ብዙ የሚያስጨንቅ አይደለም። ርዝመት በሚሊሜትር በሚጽፉት ሠሪዎች ዘንድ ቁጥሮቹ በ5 ሚሊሜትር ስለሚራመዱ መጀመሪያ የሚሞክሩት 250 ይሆናል፤ ከእርሱ በታችና በላይ ያሉትንም አንድ አንድ ያስወጡ፣ ስፋቱን ደግሞ ካለው ሰፊ ፊደል ጀምረው ወደ ታች ይውረዱ። የግራ እግርዎን ጎን በዚያችው ቀን ሱቁ ውስጥ ያስወጥሩት፤ ቀኙን አይንኩት።

ስለቱ ሲገጠም ደግሞ ባለሙያው ሁሉንም ብሎን በአንድ ጊዜ እንዳያስር ይጠይቁት። መጀመሪያ በጥቂት ብሎን ብቻ ተይዞ በረዶ ላይ ይሞከራል። ቅስቱ የሚወርድ ሰው እግር ወደ ውስጥ ስለሚያዘነብል ስለቱን ትንሽ ወደ ውስጥ ማምጣት ሊያስፈልግ ይችላል፤ ቀሪው ብሎን የሚገባው ይህ ከታየ በኋላ ነው። አዲስ ስለትም ከፋብሪካ ሲወጣ በወጉ ላይሳል ስለሚችል መጀመሪያ ያስሉት። አሮጌውን ጫማ በሻንጣ ይዘውት ይምጡ፣ ስለቱን በጨርቅ ጠቅልለው ወደ ሻንጣ ክፍል ይስጡት እንጂ በእጅ አይያዙት። ባለሙያው የውስጥ ሶሉን ቢያይ እኔ በሁለት ገጽ ከጻፍሁት ይበልጥ ይረዳዋል። የሪዶ ቦይ (በብርዱ ወራት ረግቶ መንሸራተቻ የሚሆነው የኦታዋ የውኃ ቦይ) በጥር ከተከፈተ 7.8 ኪሎሜትሩን አብረን እንሄደዋለን፤ እ.ኤ.አ. በ2023 ክረምት በረዶው አልጠነክር ብሎ ጭራሽ ሳይከፈት ቀርቶ ነበርና ቃሌን በአየሩ ላይ አስይዣለሁ።

ጫማ ሰፊው፣ ፋሲሎ

እኅቴ፣ የዙሪያውን ልክ አልጻፍሽልንም። ከመሄድሽ በፊት በሱቄ በኩል እለፊ፣ እኔው ራሴ ልለካልሽ፤ ሒሳብ የለውም። የምትለብሺውን ስስ ካልሲ ይዘሽ ነይ።

የዘጌ ልጅ

ጋሼ፣ እግዜር ያክብርልኝ። ቅዳሜ ሳስፈትን ስለምቆም እግሬ በቂ ያብጣል፤ 10 ሰዓት ላይ እመጣለሁ። ወንድሜም እርሳስ አያያዝ ልማር ብሎ አብሮኝ ይመጣል።